ደኑን ማሳሳት ወይስ መተው? አምስት አማራጮች በዕድገትና በካርቦን ሲመዘኑ

የተከላችኋቸው ዛፎች አድገው አናት ለአናት ሲገጥሙ ምክር ይበዛል። ጣውላ ነጋዴው «ቶሎ አሳሱት፣ ያለዚያ አጣና ሆኖ ይቀራል» ይላል። የካርቦን ውል ይዞ የመጣው ደግሞ «አንድም ዛፍ እንዳትነኩ» ይላል። አንዱ ባለሙያ 30 በመቶ ቁረጡ ሲል ሌላው በየሦስት ረድፉ አንዱን አውጡ ይላል። ማንም አልዋሸም። ነገሩ አንዱ የሚያወራው ስለ ግንድ ውፍረት ነው፣ ሌላው ስለ ሄክታር ምርት፣ ሦስተኛው ስለ ካርቦን። እነዚህ ደግሞ አንድ ላይ አይወጡም፣ አንድ ላይም አይወርዱም።

ስለዚህ ከዘዴው በፊት መመዘኛው ይቅደም።

## በምን እንመዝን?

የሄክታሩ ዕድገት። ደኑ በዓመት ስንት ሜትር ኩብ ግንድ ይጨምራል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሳሳት ደኑን በጠቅላላ በፍጥነት አያሳድገውም። መሬቱ፣ ውሃውና ብርሃኑ ያው ናቸው። ማሳሳት የሚያደርገው ያንኑ ዕድገት ከብዙ ቀጫጭን ዛፎች ወደ ጥቂት ወፋፍራም ዛፎች ማዛወር ነው። ኖርዌያዊው የደን ተመራማሪ ላንግሴተር በ1941 ያስቀመጡት ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፦ ደኑ በጣም እስካልሳሳ ድረስ፣ ጥቅጥቅ ቢልም ትንሽ ቢለቀቅም፣ የሄክታሩ ዕድገት ብዙም አይለያይም። ከልክ በላይ ሲሳሳ ግን ብርሃኑም ውሃውም የሚጠቀምበት ያጣል፤ ያኔ ዕድገቱ ይወርዳል።

የአንዱ ዛፍ ውፍረት። ገበያው የሚከፍለው ለዚህ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ወፍራም ግንድና አንድ ሜትር ኩብ ቀጭን ግንድ ዋጋቸው አይገናኝም። መጋዝ ቤት የሚገባው ወፍራሙ ነው።

በደኑ ውስጥ የቆመው ካርቦን። ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና ሥር ተደምሮ ማለት ነው። አፈሩ ውስጥ ያለውም አለ፤ ነገር ግን ማሳሳት የአፈሩን ካርቦን ብዙ አያናውጠውም። የሚቀንሰው ከላይ የተነጠፈው የቅጠል ምንጣፍ ነው፣ የሚረግፈው ቅጠል ስለሚያንስ።

የወጣው እንጨት ዕጣ። ተቆርጦ የወጣው ካርቦን ወዲያው አየር ላይ አይበተንም። ማገዶ ከሆነ ተበተነ፤ ጣውላ ከሆነ ግን ይቆያል።

አደጋ። ነፋስ፣ ድርቅ፣ እሳት፣ ተባይ። በወረቀት ላይ ብዙ ካርቦን የያዘ ደን በአንድ የእሳት ወቅት ባዶ ሊሆን ይችላል።

ወጪና ገቢ። የመጀመሪያው ማሳሳት ብዙ ጊዜ ወጪውን እንኳ አይመልስም። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ መሃል ላይ ትተዋላችሁ። መሃል ላይ የተተወ ማሳሳት ደግሞ ካልተጀመረው የባሰ ጣጣ ነው።

## ገመድ ይዛችሁ ደኑ ውስጥ ግቡ

ምርጫው ከቢሮ አይጀምርም። 5.64 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ያዙ። አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ቸክሉና ዙሩ። ያከለላችሁት ክብ 100 ካሬ ሜትር ነው። በውስጡ ያሉትን ዛፎች ቁጠሩና በ100 አባዙ፤ በሄክታር ስንት ዛፍ እንዳለ ይነግራችኋል። 16 ካገኛችሁ በሄክታር 1,600 ነው፣ 2.5 በ2.5 ሜትር የተተከለ ደን ማለት ነው። አንድ ክብ አይበቃም። ደልዳላውም፣ ተዳፋቱም፣ ጠርዙም እንዲገባ በተለያየ ቦታ ደጋግሙት።

ከዚያ የእያንዳንዱን ዛፍ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብላችሁ በሜትር ለኩ። በ3.14 ስታካፍሉት ዲያሜትሩ ይመጣል። ዙሪያው 47 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ 15 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር አለው።

አሁን ዋናውን ቁጥር እናውጣ። ዛፎቹ ሁሉ በዚያው 1.3 ሜትር ላይ ቢቆረጡ፣ የተቆረጠው ፊታቸው ተደምሮ ስንት ካሬ ሜትር ይሆናል? ይህን የግንድ ስፋት እንበለው። 1,600ዎቹ ዛፎች በአማካይ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ በሄክታር 28 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ለምን ይህን ያህል ተጨነቅን? «30 በመቶ አሳሱ» የሚለው ምክር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ስለሆነ ነው። ከነዚያ 16 ዛፎች አምስቱን አወጣን እንበል፣ በቁጥር 31 በመቶ ነው።

- አምስቱ ቀጫጭኖቹ (በአማካይ 11 ሴንቲ ሜትር) ከሆኑ፣ የወጣው የግንድ ስፋት 17 በመቶ ብቻ ነው።
- ወፍራም ቀጭን ሳይባል በረድፍ ከወጡ፣ 31 በመቶ አካባቢ ነው።
- አምስቱ ወፋፍራሞቹ (በአማካይ 19 ሴንቲ ሜትር) ከሆኑ፣ 50 በመቶ ነው።

ያው አምስት ዛፍ ነው። አንደኛው ደኑን ብዙም አልነካውም፣ ሦስተኛው ግማሹን ወሰደው። ከቆራጭ ጋር ውል ስትፈርሙ በዛፍ ቁጥር ብቻ አትስማሙ። የግንድ ስፋት ወይም ሜትር ኩብ ይጻፍበት፤ የሚቆረጠው ዛፍ ደግሞ በቀለም ምልክት ይደረግበት።

ሁለት ነገር ጨምራችሁ እዩ። አንደኛ፣ ከዛፉ ቁመት ስንት እጁ አረንጓዴ ቅጠል አለው? ከሦስት አንድ እጅ በታች ከወረደ ዘግይታችኋል። ሁለተኛ፣ ቁመቱን በዲያሜትሩ አካፍሉ፣ ሁለቱንም በሜትር። 14 ሜትር ቁመትና 15 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዛፍ 93 ይመጣል። ከ80 በታች ጥሩ ነው። ወደ 100 ሲጠጋ ዛፉ ቆሞ ያለው በራሱ ጉልበት ሳይሆን ጎረቤቶቹ ስለደገፉት ነው። ጎረቤቶቹን ድንገት ስታነሱበት ነፋስ ይጥለዋል።

## አማራጭ አንድ፦ እንዳለ መተው

ምንም ወጪ የለውም። መተው ማለት ግን ደኑ አይሳሳም ማለት አይደለም፤ ራሱን በራሱ ያሳሳል። ዛፎቹ በወፈሩ ቁጥር ቦታው የሚሸከመው ቁጥር ይቀንሳል፣ የተበለጡት ጥላ ውስጥ ቀርተው ይሞታሉ። አሜሪካዊው ራይንኬ በ1933 ይህን በቁጥር አስቀምጠውታል፦ በአንድ አማካይ ውፍረት ላይ አንድ ሄክታር ሊሸከመው የሚችለው የዛፍ ብዛት ጣሪያ አለው። ጣሪያው ጋ የደረሰ ደን አንዱ ዛፍ ካልሞተ ሌላው አይወፍርም።

በቆመ ካርቦን በኩል፣ አደጋ ካላገኘው ይህ አማራጭ ብዙውን ጊዜ አንደኛ ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ከተሳሳው ይልቅ ያልተሳሳው ደን ውስጥ ብዙ እንጨት ቆሞ ይገኛል። የሞቱት ዛፎችም ወዲያው አይጠፉም፣ በስብሰው እስኪያልቁ ካርቦናቸውን ይዘው ይቆያሉ።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ዛፎቹ ቀጭንና ረጃጅም ይሆናሉ። ለውሃ ስለሚሻሙ ድርቅ ሲመጣ አብረው ይዳከማሉ፣ የተዳከመ ዛፍ ደግሞ ለተባይ የተመቸ ነው። ደረቁ ቅርንጫፍ ከታች እስከ ላይ ስለሚያያዝ እሳቱ እንደ መሰላል ይወጣበታል።

## አማራጭ ሁለት፦ ደካሞቹን ከሥር ማውጣት

የተበለጡ፣ የታመሙ፣ የተጣመሙና ሁለት አናት ያወጡ ዛፎች ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ ይቀራሉ። በአብዛኛው ተፈጥሮ ራሷ ልትገድላቸው የነበሩትን ቀድሞ መጠቀም ነው።

ከካርቦን አንጻር ጉዳቱ ትንሹ ይህ ነው። የሚወጣው ትንሽ ነው፤ ከወጣውም ብዙው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊሞት የነበረ ነው። ደኑም ክፍተቱን ቶሎ ይዘጋል። ለነፋስም አያጋልጥም፣ ቀጥ አድርገው የያዙት ትልልቆቹ ስላልተነኩ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ቀላል ከሆነ ውጤቱም ቀላል ነው። ትልልቆቹን ዛፎች እውነት የሚፎካከሯቸው ከሥራቸው ያሉት ደካሞች አይደሉም፣ አጠገባቸው የቆሙት እኩዮቻቸው ናቸው። ደካሞቹን ብቻ ያወጣ ሰው ደኑ ንጹሕ መስሎ ይታየዋል እንጂ የቀሩት ብዙ አይወፍሩለትም። የሚወጣው እንጨትም ማገዶና ቀጭን አጣና ስለሆነ ኪስ አይሞላም።

## አማራጭ ሦስት፦ ለተመረጡ ዛፎች ቦታ መክፈት

እዚህ ቆም እንበል፤ የእኔ ምርጫ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጥያቄው ይገለበጣል። «የትኛውን ልቁረጥ?» ሳይሆን «እስከ መጨረሻው የትኛውን ላቆይ?» ነው። በሄክታር ለምሳሌ 200 ወይም 300 ዛፍ ትመርጣላችሁ። ቀጥ ያሉ፣ ጤነኞች፣ አናታቸው የሞላ፣ በየቦታው የተበተኑ። ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን አናት ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። አናቱን የሚገፋው ጎረቤት የቱ ነው? አንዱ ወይም ሁለቱ ይወጣሉ። ማንንም የማይጎዳ ደካማ ከሥር ካለ ይተዋል፤ መሬቱን ያለብሳል፣ የተመረጠው ዛፍ ከጎኑ ቅርንጫፍ እንዳያበዛም ይረዳል።

ውጤቱ ግንዱ ላይ ይታያል። ቅጠሉ ቦታ ሲያገኝ የዓመት ቀለበቱ ይሰፋል። የሚወጣውም እንጨት ከአማራጭ ሁለት ወፈር ስለሚል ገዢ አለው።

ካርቦኑስ? ለጊዜው ይወርዳል። የሚወጡት ደህና ዛፎች ናቸው፣ ስለዚህ ሄክታሩ ላይ የቆመው መጠን ከአማራጭ ሁለት በላይ ይቀንሳል። የሚካካሰው በሁለት መንገድ ነው። የቀሩት ወፍረው ጣውላ ይሆናሉ፣ ጣውላ ደግሞ ካርቦኑን ረጅም ጊዜ ይይዛል። ሁለተኛው፣ የተረጋጋ ደን ስለሚሆን መቁረጫውን ጊዜ ማራዘም ይቻላል፤ ዕድሜው የረዘመ ደን በአማካይ የሚይዘው ካርቦን ከፍ ይላል።

ችግሩ ባለሙያ ይፈልጋል። ምልክቱን የሚያደርገው ሰው ዓይኑ ከላይ መሆን አለበት። ግንዱን ብቻ እያየ የሚቀባ ሰው ይህን ዘዴ በሁለት ቀን ያበላሸዋል። የተመረጡት ዛፎች ቅርፊት በመጣልና በመጎተት ጊዜ ከተላጠም ልፋቱ ከንቱ ነው፣ ቁስሉ በሽታ ያስገባል። ስለዚህ የመጎተቻው መንገድ ከመቁረጡ በፊት ይወሰን።

## አማራጭ አራት፦ በረድፍ ማውጣት

በየሦስት ረድፉ አንዱን ሙሉ በሙሉ ማንሳት። ምልክት አያስፈልግም፣ ማሽን ይገባል፣ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው።

ነገር ግን ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ይወስዳል። ከረድፉ ሁለት በኩል ያሉት ዛፎች በአንድ ጎን ብቻ ነጻ ይወጣሉ። ረድፉ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር ከገጠመ ኮሪደር ሆኖ ነፋሱን ያስገባል። እኔ የማየው እንደ መግቢያ በር ነው። ለመጀመሪያው ማሳሳት መንገድ ይከፍታል፤ ከዚያ በቀሩት ረድፎች መካከል መርጦ ማውጣት ይቀጥላል። በሰፊ መሬት ላይ የተተከለና ጉልበት ውድ የሆነበት ደን ላይ ሁለቱን ማቀላቀል ያዋጣል።

## አማራጭ አምስት፦ ትልልቆቹን ሽጦ ትንንሾቹን ማቆየት

አጓጊ ነው። ገንዘቡ ዛሬ ይመጣል፣ «ትንንሾቹ ደግሞ ያድጋሉ» ይባላል። እኩል ዕድሜ ባለው ደን ውስጥ ግን ትንንሾቹ ልጆች አይደሉም፤ እኩዮች ሆነው የተበለጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ቦታ ቢያገኙም አይነቃቁም፣ አናታቸው ጠቦ ቀርቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው አምስት ዛፍ ብቻ ወጥቶ ግማሹ የግንድ ስፋት ይሄዳል፣ የቆመው ካርቦንም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ አማራጭ ደህና ነገር የሚወጣው በየጊዜው ተመርጦ በሚቆረጥና የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ባሉበት ደን ነው። በአንድ ቀን በተተከለ ደን ላይ አልመክረውም።

## የካርቦኑ ሂሳብ፣ በአንድ ምሳሌ

ቁጥሮቹን እኔ የመረጥኳቸው ለማሳያ ነው፤ የራሳችሁን በቦታቸው ተኩ።

ደኑ በሄክታር 200 ሜትር ኩብ ግንድ አለው። የደረቀ እንጨቱ በሜትር ኩብ 0.45 ቶን ይመዝናል፣ ስለዚህ 90 ቶን። ለቅርንጫፍና ለቅጠል በ1.3 ስናባዛ 117 ቶን። ሥሩ አንድ አራተኛ ይጨምራል፣ 146 ቶን። ከዚህ 47 በመቶው ካርቦን ነው፣ 69 ቶን ገደማ። በ3.67 ስናባዛው 252 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ።

አሁን ሁለት እኩል ሄክታር እንውሰድ። አንዱን ተውነው። ከሌላው 60 ሜትር ኩብ አወጣን። አሥር ዓመት አለፈ።

ያልተሳሳው በዓመት 15 ሜትር ኩብ አደገ፣ ግን 40 ሜትር ኩብ ሞተበት። ቆሞ ያለው 310 ነው። የተሳሳው በዓመት 14 አደገ፣ የሞተበት ከቁጥር አይገባም። ቆሞ ያለው 280 ነው። የወጣው 60 ሲደመር 340 ይሆናል።

እንግዲህ ማን በለጠ? ጥቅም ላይ ሊውል በሚችል እንጨት ከጠየቃችሁ የተሳሳው፣ 340 ለ310። ደኑ ውስጥ በቆመው ካርቦን ከሆነ ያልተሳሳው፣ በ38 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገደማ። አንድ ደን፣ ሁለት መልስ።

የወጣው 60 ሜትር ኩብ ይህን ልዩነት ይሞላዋል? ግንዱ ብቻ 46.6 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወጥቷል። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ፓነል በሂሳብ መመሪያው ላይ የእንጨት ውጤቶች ግማሻቸው ከጥቅም ውጪ የሚሆንበትን ጊዜ አስቀምጧል፦ ለጣውላ 35 ዓመት፣ ለቺፕውድና ለመሰሎቹ 25 ዓመት፣ ለወረቀት 2 ዓመት። በዚህ ከሄድን ከአሥር ዓመት በኋላ ከጣውላው ካርቦን 82 በመቶ፣ ከቺፕውዱ 76 በመቶ፣ ከወረቀቱ 3 በመቶ ብቻ ይቀራል። ማገዶ ከሆነ ዜሮ።

ግንዱ ሁሉ ደግሞ ጣውላ አይወጣም። ግማሹ ወጣ ብንል እንኳ 23 ቶን ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 19 ቶን ይቀራል። ከ38ቱ ግማሹን ሞላ ማለት ነው። በመጀመሪያው ማሳሳት የሚወጣው ግንድ ቀጭን ስለሆነ አብዛኛው ጣውላ አይሆንም፣ ስለዚህ የሚሞላው ከዚህም ያንሳል። «ማሳሳት ካርቦን ይጨምራል» የሚላችሁን ሰው በየትኛው ሂሳብ፣ በስንት ዓመት ብላችሁ ጠይቁት።

እንጨቱ ሲሚንቶና ብረት ተክቶ ያዳነው ልቀትም አለ። እውነት ነው። ግን ያ ቁጥር በግንበኛው መዝገብ ላይ የሚወጣ ነው። ተክቶም እንደሆነ ለማረጋገጥ ይከብዳል። ውሳኔያችሁን በእሱ ላይ አትመሥርቱ።

ሂሳቡን የሚገለብጠው ሌላ ነገር አለ፦ አደጋ። ያልተሳሳው ደን በአሥር ዓመት ውስጥ ነፋስ ወይም እሳት አንዴ ቢያገኘው 38 ቶኑ መሪነት ምንም አይደለም። የእሳቱ ነገር ግን ሁለት ጎን አለው። ቅርንጫፉን መሬት ላይ በትኖ የሄደ ማሳሳት ለጊዜው እሳቱን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ነፋሱም እንደዚሁ፣ ከማሳሳት በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ከሁሉ አስጊ ናቸው፤ ሥሩና ግንዱ እስኪጠነክር።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሄክታር ዕድገት | የአንድ ዛፍ ውፍረት | የቆመ ካርቦን | የነፋስ አደጋ | ወጪና ገቢ |
|---|---|---|---|---|---|
| እንዳለ መተው | ከፍተኛ፣ ግን የሚሞተው ይበዛል | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ዛፎቹ ሲቀጥኑ ይጨምራል | ወጪ የለም፣ ገቢ የለም |
| ደካሞቹን ማውጣት | አይወርድም | ትንሽ ይጨምራል | ትንሽ ይወርዳል | ዝቅተኛ | ገቢው ወጪውን ላይሸፍን ይችላል |
| ለተመረጡ ቦታ መክፈት | ትንሽ ሊወርድ ይችላል | ብዙ ይጨምራል | ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል | ቀስ በቀስ ከተሠራ መካከለኛ | ባለሙያ ይፈልጋል፣ ገቢው የተሻለ |
| በረድፍ ማውጣት | ለጊዜው ይወርዳል | መካከለኛ | ይወርዳል | እንደ ነፋሱ አቅጣጫ | ርካሽና ፈጣን |
| ትልልቆቹን መሸጥ | በብዛት ይወርዳል | የቀሩት ደካሞች ናቸው | በብዛት ይወርዳል | ከፍተኛ | ዛሬ ብዙ፣ ነገ ትንሽ |

## የትኛው ለማን?

ጣውላ ለሚፈልግ፣ ጊዜም ላለው። አማራጭ ሦስት። አንዴ በኃይል ሳይሆን ደጋግሞ በጥቂቱ። በአንድ ጊዜ ከግንድ ስፋቱ ሩብ እስከ አንድ ሦስተኛ ማውጣት ጥሩ መነሻ ነው። አናቶቹ ተመልሰው ሲገጥሙ ትመለሳላችሁ። ዛፎቹ ገና በወጣትነታቸው ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፤ ወጣት ዛፍ ያገኘውን ክፍተት ቶሎ ይሞላል፣ ያረጀ ግን ቦታ ቢሰጡትም ይዘገያል።

አጣናና ማገዶ ለሚሸጥ። አታሳሱ። ቀጭን እንጨት የሚፈልግ ገበያ ካለ ወፍራም ለማድረግ መድከም ትርጉም የለውም። በአጭር ዕድሜ ቆርጦ እንደገና ማብቀል ይሻላል። ባሕር ዛፍን ማሳሳት የፈለገ ደግሞ አንድ ነገር ያስብ፦ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ቡቃያውን ካልተቆጣጠራችሁት የቆረጣችሁት ተፎካካሪ ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም በርከት ብሎ።

ካርቦን ብቻ ለሚያስብ። ቦታው ከነፋስና ከእሳት የተጠበቀ ከሆነ መተው ወይም ደካሞቹን ብቻ ማውጣት። አደጋው የሚያሰጋ ከሆነ ግን ካርቦን ፈላጊም ማሳሳት አለበት። የካርቦን ውል ካለ ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡት። የቆመውን ብቻ ነው የሚቆጥረው ወይስ የወጣውን እንጨትም? ማሳሳት ይፈቀዳል? እሳት ቢያጠፋው ማን ይከፍላል? ለሦስቱ መልስ የሌለው ውል ላይ አትፈርሙ።

ድርቅ ለሚያሰጋው። ማሳሳት ለቀሩት ዛፎች የሚደርሰውን ውሃ ይጨምራል። ጥቅሙ ግን አናቱ እስኪዘጋ ድረስ ነው፣ ከዚያ መድገም ይፈልጋል። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ከዛፎቹ ሥር አርቁ፣ ደርቆ እሳት እንዳያባብስ።

በጀት ለሌለው። ሁሉንም በጥቂቱ ከማበላሸት ጥሩ አፈር ያለውን ክፍል ብቻ መርጣችሁ በደንብ ሥሩ። ምላሹ የሚፈጥነው እዚያ ነው። የቀረውን ተዉት። ገና ያልተከለ ደግሞ ከመጀመሪያው አራርቆ መትከልን ያስብ። 3 በ3 ሜትር በሄክታር 1,111 ችግኝ ነው፣ 2 በ2 ሜትር ግን 2,500። ችግኝም የማሳሳት ወጪም ይቀንሳል። ዕዳው አረም ማረም ይረዝማል፣ የታችኛው ቅርንጫፍም ስለሚወፍር ለጣውላ ከሆነ መመልመል ግድ ይላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንዱን ዝርያ በተለያየ ርቀት ተክለው ያወዳደሩ ሙከራዎች ተካሂደዋል። ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ የተራራቀው ወፍራም ዛፍ ይሰጣል፣ የተጠጋጋው ደግሞ በሄክታር ብዙ እንጨት።

ጊዜው ላለፈበት። አረንጓዴው ክፍል ጫፍ ላይ ብቻ የቀረ፣ የቁመቱና የዲያሜትሩ ስሌት ከ100 በላይ የሆነ ደን ካላችሁ በኃይል አታሳሱት። ወይ በጣም በጥቂቱ፣ ከጠርዙ ርቃችሁ ጀምሩ፤ ወይ እንዳለ ትታችሁ መቁረጫው ሲደርስ አንድ ላይ አንሱት። ነፋሱ የሚመጣበትን ጠርዝ በምንም ዓይነት አትንኩ።

የወሰናችሁት ምንም ይሁን፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ክብ ለዩ። አንዱን አሳሱ፣ አንዱን ተዉ። ክቦቹን ዙሪያቸውን ሰፋ አድርጋችሁ እንደየራሳቸው ያዙ፣ ያለዚያ የጎረቤቱ ተጽዕኖ ይገባበታል። የዛፎቹን ቁጥር በቀለም ጻፉና በየዓመቱ በአንድ ወቅት ዙሪያቸውን ለኩ። ሲሞት የተገኘውንም መዝግቡ።